ድንኳን ያልተተከለለት ሐዘን

(ስድስት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ ከልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት ለመጡ የጉብኝትና የጸሎት አገልጋዮች ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)

እንደምን ዋላችሁ። በጥሪው ላይ የሰፈረው ርዕስ «የተጎዱ ሰዎች በክርስትና እምነት ፈውስ እንዲያገኙ እንዴት እንርዳ?» የሚል ነው። ርዕሱ ትልቅ ነው፤ እኔ ደግሞ ሰባኪ አይደለሁም። ሃያ ስድስት ዓመት በነርስነት፣ አብዛኛውን ጊዜ በማዋለጃ ክፍል የሠራሁ ሴት ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤተ ክርስቲያናችን ሰው የማዳምጥባት አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጥታኛለች። ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጥቅል ሶፍት አለባት። የማወራችሁ ከዚያች ክፍልና ከማዋለጃው ኮሪደር ያየሁትን ነው። ባጠፋሁት ልጀምር።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ከተማ እሠራበት በነበረ ሆስፒታል፣ አንዲት ወጣት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ገባች። ልጁ በዘጠኝ ወሩ ማህፀኗ ውስጥ ሞቶ ተወለደ። ሊነጋጋ ሲል ወደ አልጋዋ ስሄድ፣ ከላስቲክ ከረጢት ያወጣቻትን ቢጫ የክር ኮፍያ በሁለት አውራ ጣቶቿ ትዘረጋለች፣ ትሰበስባለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። አክስቷ አጠገቧ ቆመው «አይዞሽ፣ ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ይላሉ። እኔ ደግሞ ክርስቲያን ነኝና ጥቅስ ጨመርሁበት። «እግዚአብሔርን ለሚወዱት ነገር ሁሉ ለበጎ ነው» አልኋት። ኮፍያዋን ትራሱ ሥር ከተተችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ተጽናናች ብዬ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍሁ።

ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያቺው ሴት ሰላም አለችኝ። እርሷ አወቀችኝ፤ እኔ አላወቅኋትም። ስናወጋ፣ ያለ አንዳች ወቀሳ፣ «በዚያን ቀን ያጽናናችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች» አለችኝ። ሴትዮዋ ወለሉን ስትጨርስ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደገፈች፤ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ስሙን ማን ልትይው ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ነገረቻት። አብረው አለቀሱ። ከዚያም ሴትዮዋ ተነሥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ሌላ ምንም አልሆነም። ከባለቤቷ በቀር ያን ስም የሰማ ሰው ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ብቻ ነች። እኔ ዛሬም አላውቀውም፤ በዚያ በር ላይ ለመጠየቅ አፈርሁ።

የጠቀስሁላት ቃል እውነት ነው። ዛሬም አምነዋለሁ። ግን በዚያ ሰዓት ቃሉን የፈለግሁት ለእርሷ ሳይሆን ለራሴ ነበር። ዝም ብሎ መቆም ስለከበደኝ፣ ቶሎ የምሄድበት በር እንዲሆነኝ ጠቀስሁት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እኛ ሐዘን የማያውቅ ሕዝብ አይደለንም። መርዶ እንዴት ይነገር እንደነበረ አስታውሱ። አባቶቻችንና እናቶቻችን መርዶን ለብቻው ለተቀመጠ ሰው አይናገሩም። ሌሊቱን ዜናውን ደብቀው፣ የቅርብ ጓደኛውን ፈልገው፣ ጎረቤት አሰባስበው፣ ማልደው ሥራ ሳይገባ ይደርሱበታል። ሰውየው በሩ ሲንኳኳ ገና ያውቀዋል፤ ነገር ግን ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አስቀድሞ አጠገቡ ቆሟል። ዛሬ በስልክ መልእክት፣ ሲከፋም ፎቶግራፉን በፌስቡክ አይቶ ነው የሚረዳው። ይህን ስታዩ ምን ያህል ጥበብ ከእጃችን እንደወጣ ይገባችኋል።

ከመርዶው በኋላ የዕድሩ ጥሩንባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ይደረደራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ሴቶች ፍራሽ አንጥፈው ከሐዘንተኛዋ ጋር ያድራሉ። ድንኳኑ ውስጥ ብዙ ንግግር የለም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይባላል፤ ከዚያ መቀመጥ ነው። ወንዶቹ ካርታ ሲጫወቱ ቢያመሹ ማንም አይቀየምም፣ የመጡት ለመቀመጥ ነውና። አልበላም ላለችው እናት «ለእኔ ስትይ ትንሽ ቅመሽ» የሚል ሰው አለ። ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ለሐዘን ቦታም ጊዜም ሰጥተነዋል ማለት ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ዛሬ በሥልጠና የሚያስተምሩትን ብዙውን ነገር አንድ የሰፈር ዕድር ሳይማር ያውቀዋል።

ችግራችን ሬሳ የሌለው ሐዘን ላይ ነው። ትዳሯ የፈረሰባት ሴት ለቅሶ አትቀመጥም። ልጇ በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ከደረሰ በኋላ ስልኩ የጠፋባት እናት፣ ይሙት ይኑር አታውቅምና ነጠላዋን አዘቅዝቃ አትለብስም። ለተደፈረች ልጅ ጥሩንባ አይነፋም። ድባቴ የያዘው ወጣት ቤት ንፍሮ ይዞ የሚሄድ የለም። ያቺ ቢጫ ኮፍያ የያዘች እናትም ለቅሶ አልተቀመጠላትም፤ «ያልኖረ ልጅ» ተባለ። በእኔ ጠባብ ክፍል ከሚቀመጡት ሰዎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ሐዘናቸው ሐዘን ተብሎ አልተቆጠረላቸውም።

ይህ በአገር ደረጃም ደርሶብናል። ከዚህ ወደ መስቀል አደባባይ ስትወርዱ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ፤ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። ካልገባችሁ ግቡ። ግድግዳው ሙሉ የወጣቶች ጉርድ ፎቶግራፍ ነው፤ ከጅምላ መቃብር የወጣ አፅምና ልብስ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች እንዳያለቅሱ፣ ጥቁር እንዳይለብሱ ተከልክለዋል። ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ የተባሉም ነበሩ። እነዚያ እናቶችና የሟቾቹ ወንድሞችና እኅቶች ከእኛ ጋር ሲያስቀድሱ፣ ከእኛ ጋር ሲዘምሩ ኖረዋል። ዛሬ ሰማንያ ዓመት የሞላት አንዲት ሴት በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ስለተገደለ ወንድሟ ስታወራኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በሩን ዘወር ብላ አየች። ሰሚ እንዳይኖር ነው። ያን ያህል ዓመት አልፎ!

ቀለል ብሎ የሚታይ፣ ግን የማይቀልል ሌላም አለ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ሰፈሮች፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ካዛንቺስ ለልማት ሲነሡ ነዋሪው ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ተበትኗል። ስለ ልማቱ የምናገረው የለኝም፤ ጉዳዬ ከሰዎቹ ጋር ነው። አንድ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት በየእሑዱ ከከተማው ዳር ሁለት ታክሲ ይዘው አራዳ ጊዮርጊስ ይመጣሉ። ካስቀደሱ በኋላ ቅጥሩ ውስጥ የለመዱት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይቆያሉ። ጎረቤታቸው የነበረች የእኛ አገልጋይ ናት ወደ እኔ ያመጣቻቸው። «ዕድራችን ተበተነ። አሁን እኔ ብሞት ጥሩንባ የሚነፋልኝ ማን ነው?» አሉኝ፤ ግማሹን እየሳቁ። እኔም ጸልዬ ልሸኛቸው ነበር። ያቺ ቢጫ ኮፍያ ትዝ አለችኝና ስለ ጎረቤቶቻቸው እንዲያጫውቱኝ ለመንኋቸው። ከወፍጮ ቤቱ ጀምረው ደጃፍ በደጃፍ ቆጠሩልኝ፤ ማን በማን ሠርግ እንደጨፈረ፣ የማን ግንብ ከማን ጋር አጣልቶ እንደነበር፣ የትኛዋ ባልቴት በጾም ቀን ሽሮዋን ለማን ትልክ እንደነበር። ቡናችን ቀዘቀዘ፤ ሌላ ተቀዳ፤ እርሱም ቀዘቀዘ። ሲጨርሱ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬ ለቅሶ ደረሽኝ» አሉኝ። እኔ ለቅሶ መድረሴን ያወቅሁት እርሳቸው ሲሉት ነው።

እንግዲህ «እንዴት እንርዳ?» ለሚለው የእኔ መልስ ይኸው ነው፤ ድንኳን ላልተተከለለት ሐዘን ድንኳን መትከል። ይህ ከእምነታችን ውጭ ያመጣሁት ነገር አይደለም። ዮሐንስ በወንጌሉ መጀመሪያ «ቃልም ሥጋ ሆነ፤ በእኛም አደረ» ሲል፣ በግሪኩ ያለው ግስ ከድንኳን የወጣ ነው። ድንኳኑን በመካከላችን ተከለ እንደማለት ነው። የኢዮብ ወዳጆች በመጀመሪያ ይህን አውቀውት ነበር። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አፈር ላይ አብረውት ተቀመጡ፣ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ማስተማር ሲጀምሩ ነው ነገር የተበላሸው። እኔ እንዲያውም ሰባት ደቂቃ አልታገሥሁም።

ኤልያስን ደግሞ ተመልከቱ። የቀርሜሎስ ጀግና በረሃ ገብቶ ከአንዲት ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ሞቱን ይለምናል። እግዚአብሔር መልአክ ላከለት። መልአኩ አልገሠጸውም፤ «ትናንት እሳት ያወረድህ ሰው ዛሬ እንዴት?» አላለውም። ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። በራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በላ፤ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ አሁንም «ብላ» አለው። ጥያቄው፣ «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው፣ የመጣው ከብዙ ቀን መንገድ በኋላ ኮሬብ ላይ ነው። ይህ ለእኔ የጉብኝት አገልግሎት መመሪያ ነው። ሐዘንተኛ ቤት ስትሄዱ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ያዙ፣ ግን ዳቦውን አትርሱ። ምናልባት በመጀመሪያው ቀን የምትከፍቱት ዳቦውን ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ጥቂት የሚቆረቁራችሁ ትኖራላችሁ። እናቴ ዳዊት ደጋሚ ነበረች፤ ያደግሁት በቅዳሴ ነው። ዛሬ የማገለግለው በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለቱንም ቤት ስለምወድ ሁለቱንም ልናገር።

እናቴ በሰሙነ ሕማማት ሰላምታ አትሰጥም፣ ሰው አትስምም። ሳምንቱን ሙሉ ስግደት ነው። በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሰው ጸሎተ ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ለሁሉም ይደረጋል። ልጅ ሆኜ ያስፈራኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ቤተ ክርስቲያን ለሐዘን አንድ ሙሉ ሳምንት ለይታ ሰጥታለች፤ ትንሣኤውን እያወቀች እንኳ ወደ ትንሣኤው አትቸኩልም። ያ ሥርዓት ግን ለክርስቶስ ሕማም ብቻ የቀረ ይመስል፣ ያው ሰጋጅ ወጥቶ የራሱ ልጅ በድባቴ ሲማቅቅ «ቡዳ በልቶት ነው፣ ጠበል ውሰዱት» ብሎ ያልፋል።

በእኛ በወንጌላውያኑ በኩል ደግሞ ምስክርነት አለን። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን መድረክ ላይ የሚወጣው ታሪኩን የጨረሰ ሰው ብቻ ነው፤ ታመምሁ፣ ተጸለየልኝ፣ ዳንሁ፣ ጭብጨባ። መካከል ላይ ያለው፣ ገና ያልዳነው፣ የት ይቁም? እርሱ ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ «የእኔ እምነት ጎድሎ ይሆናል» እያለ ራሱን ይመረምራል። መጽሐፋችን እንዲህ አያፍርም። መዝሙር 88ን አንብቡ፤ በሰማንያ አሐዱው ቆጠራ 87 ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት ነው። ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙራት አብዛኞቹ መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ፤ ይህ አይዞርም። ወዳጅም ባልንጀራም ራቀኝ ብሎ ያቆማል። እንደዚያው ሆኖ ግን ጸሎት ነው። ይህን መዝሙር በመድረክ ያስነበበ መሪ እስከ ዛሬ ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ በዚያ እሑድ ሦስት ሰዎች ክፍሌን አንኳኩተዋል።

የጸሎት ርዕስ ስለምንለው ነገርም ላንሳ። የሰው ምስጢር በእኛ ዘንድ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄደው ሐሜት ሆኖ ሳይሆን የጸሎት ርዕስ ሆኖ ነው። «ለጸሎት ብዬ ነው የምነግርሽ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስትሰሙ ተነሥታችሁ ሂዱ። ቁስሏን ለአንዱ ነግራ በማግሥቱ ከሦስተኛው ሰው የሰማችው ሴት ዳግመኛ አትናገርም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ እውነት ነው፣ ግን የገለጠው ሰው ምን እንደደረሰበት አይታ የደበቀች ሴት ምን ይፈረድባታል?

ከዝምታ ሁሉ የከፋው ግን እኛ የምናስገድደው ዝምታ ነው። ትዕማርን ታውቋታላችሁ፤ በ2ኛ ሳሙኤል 13። ወንድሟ አምኖን ከደፈራት በኋላ ልብሷን ቀድዳ፣ ራሷ ላይ አመድ ነስንሳ እየጮኸች ወጣች። ለራሷ ለቅሶ ተቀመጠች ማለት ነው። አቤሴሎም «ዝም በዪ፤ ወንድምሽ ነው» አላት። አባቷ ዳዊት ሰምቶ እጅግ ተቆጣ፤ ከቁጣው በኋላ ግን ያደረገው ነገር አልተጻፈም። ትዕማር በወንድሟ በአቤሴሎም ቤት ብቻዋን ቀረች። ከሁለት ዓመት በኋላ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለ፤ ከዚያም መንግሥቱ ታወከ። ዝም ያሰኟት ነገር ዝም አላለም።

ይህ ታሪክ በቤታችን ይደገማል። ባሏ የሚደበድባት ሴት ትመጣለች፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ «ታገሺ፣ ጸልዪለት፣ ይቅር በዪው» ተብላ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች። እኔም ከመከሩት አንዷ ነበርሁ፣ አንድ ጊዜ፤ ዳግመኛ አላደረግሁትም። ይቅርታ የወንጌል ልብ ነው፤ ነገር ግን ይቅር ማለት ሌላ፣ ዱላው ሥር ተመልሶ መግባት ሌላ ነው። ሴትዮዋ በመጀመሪያ ከአደጋ ትውጣ። በከተማችን የሴቶች ማረፊያ ቤቶች አሉ፣ ፖሊስ አለ፣ ሕግ አለ። ይቅርታው በራሷ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ሲያስችላት ይመጣል። እኛ ተቻኩለን የምናወጣው ይቅርታ የእኛን ጭንቀት እንጂ የእርሷን ቁስል አያድንም።

አሁን ስለ ሐኪም። በአዲስ አበባ «አማኑኤል የሚያስገባ ነው» ማለት ስድብ ነው። ሆስፒታሉ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአእምሮ ሕሙማንን ሲቀበል የኖረ ነው። እስኪ ስሙን ቆም ብላችሁ ስሙት። አማኑኤል፣ ማቴዎስ ራሱ እንደተረጎመልን፣ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት ነው። በዚህ ከተማ ሰው ከሁሉ በላይ ብቻውን የሚቀርበት ደጅ ላይ ያ ስም ተጽፏል፤ እኛ ግን መሳለቂያ አደረግነው።

መድኃኒትና እምነት ጠላቶች አይደሉም። ሉቃስ ሐኪም ነበር። ጳውሎስ ድውያንን ፈውሷል፤ ጢሞቴዎስን ግን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጅ እንዲወስድ መክሮታል፤ ጥሮፊሞስንም ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል። ያዕቆብ ዘይት ቀብተው ይጸልዩ ይላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ወደ እንጦጦ ጠበል ወጥተው መድኃኒት ባቋረጡ ጊዜ፣ ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን ጎን ለጎን እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ያ ምክር ሰው አትርፏል ብዬ አምናለሁ። ዛሬም በየትኛውም መድረክ ላይ «ኪኒንህን ጣል» የሚል ሰው ካያችሁ፣ ምንም ያህል ቢንቀጠቀጥና ቢጮህ፣ አትስሙት። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ የሚያቋርጠውን ሰው ማገዝ የእናንተ አገልግሎት ነው።

አንድ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ከሚወደው ነገር ሁሉ ከራቀ፣ ከጸሎታችሁ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማ ወይም ሞትን ከተመኘ ቀን አትቁጠሩ፣ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ሂዱ። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብዙዎች ጥያቄውን ሲሰሙ ነው ትንፋሻቸው የሚወጣው። ያን ሰው ሌሊት ብቻውን አትተዉት። ተራ ግቡ፣ ለቅሶ ቤት እንደምታድሩት እደሩ።

በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጉዕ ይባላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከአልጋው ጋር የተጣበቀው ሰው ነው። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ሲጠይቀው መልሱ «አዎን» አልነበረም። «ሰው የለኝም» ነበር። ያ መልስ እኔን ይገርመኛል። ስለ እግሩ ሲጠየቅ ስለ ሰው መለሰ። በዚያች ጠባብ ክፍል የምሰማው በሽታ ሁሉ ከሥሩ ሲታይ ይህችው ቃል አለችበት።

ሰው ያገኘ ሰው ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ አትሂዱ። ዶክተር ሬጅ ሐምሊንና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን፣ ባልና ሚስት፣ ከእምነታቸው የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው፣ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታልን እዚህ አዲስ አበባ መሠረቱ። ዶክተር ካትሪን በ2020 በዘጠና ስድስት ዓመታቸው እዚሁ አርፈዋል። የሚያክሟቸው ሴቶች በረጅም ምጥ ተጎድተው ሽንት የማይቋጥሩ፣ ልጃቸው የሞተባቸው፣ ባል የተዋቸው፣ ከሰው የተለዩ ነበሩ። እኔ በማዋለጃ ክፍል ስሠራ ወደዚያ የላክናቸው ነበሩና አውቃለሁ፤ ሲሄዱ አንገታቸውን ደፍተው ነው። ከታካሚዎቹ አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በወጣትነታቸው ታክመው ሲሻላቸው አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ ከዚያ ለሐኪሞቹ መሣሪያ ማቀበል፣ ከዚያ ራሳቸው ቀዶ ሕክምና መሥራት። ትምህርት ቤት ሳይገቡ እንደ እርሳቸው የነበሩ ብዙ ሴቶችን አከሙ።

እኔን የሚይዘኝ ግን ትንሿ ነገር ናት። በዚያ ሆስፒታል የዳነች ሴት ወደ አገሯ ስትመለስ አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል፣ ከመሳፈሪያ ገንዘብ ጋር። ሙት ዓመት ሲደርስ ዘመድ ተሰብስቦ ሐዘንተኛዋን ጥቁሯን አስወልቆ አዲስ ልብስ እንደሚያለብሳት አስቡት። ጥቁሩን ራሷ አታወልቀውም፤ ያደረባት ሰው፣ ያስቀመሳት ሰው መጥቶ «ይብቃሽ» ይላታል። ያላደረባት ሰው «ይብቃሽ» ቢላት ትሰማለች? አልዓዛር ከመቃብር በጌታ ቃል ወጣ፤ መግነዙን የፈቱት ግን እዚያ የቆሙት ሰዎች ናቸው። «ፍቱትና ይሂድ ተዉት» የተባለው ለእነርሱ ነው። በነገራችን ላይ፣ ጌታ ከዚያ በፊት፣ ወደ መቃብሩ ሳይደርስ፣ አልቅሷል። ሊያስነሣው እያወቀ አለቀሰ።

የተሰጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ከመነሣታችን በፊት ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ላስፍር። ከመካከል ወንበር አንድ ወጣት ተነሣ። የቅርብ ጓደኛው ወንድም በሰሜኑ ጦርነት እንደሞተ በስልክ ከተነገራቸው ዓመታት አልፈዋል። ሬሳ አልመጣም። እናትየው «ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም» ብላ ጥቁርም አልለበሰች፣ ድንኳንም አልተተከለ። ጓደኛው ሥራ ትቷል፣ ከሰው አይገናኝም። «አሁን፣ ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ፣ ለቅሶ መቀመጥ ይቻላል?» ሲል ጠየቀኝ።

ይቻላል አልሁት። እናትየዋን ግን አታስገድዷት፤ ተስፋዋን አትንጠቋት። በመጀመሪያ ጓደኛህ ቤት ሂድና ስለ ወንድሙ ጠይቀው፤ ምን ይወድ እንደነበር፣ በምን ትጣሉ እንደነበር። እናቱ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። የሚቀጥለውም ሳምንት ሂድ፣ ከዚያም ሂድ። አንድ ቀን ራሷ ፎቶግራፉን ይዛ ትወጣ ይሆናል። ያን ጊዜ ካህኑንም መጋቢውንም ጥሩ፤ ፎቶግራፉን አኑሩና ተቀመጡ። ወጣቱ ጥቂት አሰበና፣ «ሰፈራቸው አዲስ ነው፤ ዕድር የላቸውም። ድንኳኑን ከየት እናመጣለን?» አለ።

አዳራሹ ዝም አለ። ከኋላ በኩል ነጠላ የለበሱ፣ ስብሰባው ሲጀመር ጀምሮ አንድም ቃል ያልተናገሩ እናት እጃቸውን አወጡ። የአራት ኪሎ አንድ ዕድር ገንዘብ ያዥ ናቸው። አልተነሡም፤ ከተቀመጡበት ሆነው ልጁን፣ «የት ሰፈር ነው? ወንበሩስ ስንት ይበቃችኋል?» ብለው ጠየቁት።